ባዶ ሳጥን፣ የተነሣ ባንዲራ

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 12

ዛሬም ባንዲራውን አነሣሁት። ሳጥኑ ውስጥ ምንም የለም።

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። በሰማንያ አንድ ዓመቴ... ግን ማን ያየኛል? በጎቹ? ከፖስታ ሳጥኑ ጎን ያለው ቀይ ባንዲራ ከተነሣ «የሚወሰድ ደብዳቤ አለ» ማለት ነው፤ ፖስተኛዋ የግድ ትቆማለች። ካልተነሣና ለእኔም የመጣ ነገር ከሌለ አቧራዋን አልብሳኝ ታልፋለች። ለእኔ ደግሞ ምን ይመጣል? ደብዳቤ የሚጽፉልኝ ሰዎች አንድ ባንድ አልቀዋል።

በር ላይ የላላ ሽቦ የማጠብቅ መስዬ ቆየሁ። ፖስተኛዋ ራንጊማሪ ቆመች። ሞተሩ እንደበራ እጇን በመስኮት ሰዳ ሳጥኑን ከፈተችው።

«ኮሮ፣ ባዶ ነው እኮ።»

«ነፋሱ ይሆናል ያነሣው።»

«ነፋሱ?»

«ይኼ የምዕራቡ። ሰሞኑን አብዷል።»

ሣቀች። ድልድዩ ጋ መንገዱ ትንሽ መናዱን ነገረችኝ። እኔም በጎቹ መውለድ መጀመራቸውን ነገርኳት። አራት ደቂቃ ይሆናል፤ ሰዓቴን አይቻለሁ። ኮሮ ትለኛለች፤ በእነሱ ቋንቋ አያቴ ማለት ነው። የገዛ የልጅ ልጆቼ እንኳ ኔቪል ነው የሚሉኝ።

ከሄደች በኋላ ሽቦውን እውነትም አጠበቅሁት። ውሸቴ ግማሽ እንዲሆን።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 14

ባንዲራውን አላነሣሁም። ራሴን ልፈትን ብዬ። እጇን አወዛውዛልኝ አለፈች።

ቀኑ አልመሽ አለ።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 16

አነሣሁ። ፈተናውን ወድቄያለሁ።

«ኮሮ፣ ይኼ ነፋስ ወደ ላይ ብቻ ነው እንዴ የሚነፍሰው?»

«ብሎኑ ላልቶ ነው» አልኩ። አየችኝ። አልሣቀችም። ሌላ ሸለቆ ጨምረውባታል፤ ሠላሳ ስምንት ሳጥን። «ከእንግዲህ እንደ ድሮው ቆሜ ማውራት አልችልም፣ አይቀየሙኝ። አሁን ራሱ ዘግይቻለሁ» አለች። ደግሞ ደከም ያለች ትመስል ነበር። አፈርኩ። ሰው ሥራ ላይ ነው፣ እኔ ወሬ እለምናለሁ።

ልትሄድ ስትል ከኋላ ወንበር አንድ ዕቃ አቀበለችኝ። የዱባ ሾርባ። ሂኔወራ ናት የላከችው። ሂኔወራ በየሐሙሱ በሸለቆው አዳራሽ ለእኛ ለሽማግሌዎቹ ምሳ የምታዘጋጀዋ ናት። ባለቤቴ ቤሪል ከእሷ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ድንች ላጠች፣ ወለል ወለወለች። ጁን ላይ ከቀበርናት ወዲህ እኔ እዚያ አልረገጥኩም።

«‹ያ ሰውዬ ለምን አይመጣም በይው› ብላለች» አለችኝ ራንጊማሪ።

ለምን አልሄድም? መንጃ ፈቃዴን የዓይን ሐኪሙ ስለቀማኝ ነው እላለሁ። ውሸት ነው። አንድ ስልክ ብደውል ሂኔወራ መጥታ ትወስደኛለች። የቤሪል ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ማየት ስለማልችል ነው።

ሾርባው ጨው አንሶታል። እስከ ድስቱ ሥር ጠርጌ በላሁት።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 19

የምክር ቤቱ ምርጫ ፖስታ መጣ፤ እኛ የምንመርጠው በደብዳቤ ነው። ባንዲራ ሳይነሣ ቆመች ዛሬ! ለሁሉም ቤት ስለመጣ ማለት ነው። ፖስታዎቹ መኪናዋ ውስጥ እስከ ጣሪያው ተከምረዋል፤ እሷ መሐላቸው ተሰክታ ነው የምትነዳው።

«በየሳጥኑ መቆም ነው ዛሬ። ወገቤ አለቀ» አለች። «ይምረጡ እንግዲህ ኮሮ። ይኼን ሁሉ ተሸክሜላችሁ ባትመርጡ ወዮላችሁ።»

ፖስታው አንድ ነው።

ሳጥኑን እንደገና ከፈትኩ። እጄን እስከ መጨረሻው ሰደድኩ። ሞኝ። ሃምሳ ዓመት ሁለት ነው የሚመጣው። ኔቪል አንድ፣ ቤሪል አንድ። መንግሥት የሞተን ሰው ከመዝገብ መሰረዝ ላይ እንዴት ይፈጥናል! ለሌላው ነገር ሁሉ ስድስት ወር ያስጠብቁሃል።

እዚያው በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። በጎቹ አዩኝ። ይዩ።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 21

ፖስታውን ከግድግዳው ሰዓት ኋላ ሰካሁት። ቤሪል እዚያ ነበር የምታደርገው። አልከፈትኩትም።

እውነቱን ልጻፍ፣ የሚያነበው የለም። እኔ በሕይወቴ መርጬ አላውቅም። ሁለቱንም የምትሞላው እሷ ነበረች። የተወዳዳሪዎቹን ትንሽ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር እያነበበች፣ «ይኼኛው ውሸታም ነው፣ ይቺኛዋ ደህና ናት» እያለች ምልክቱን ታደርጋለች። የእኔ ድርሻ ፖስታውን በምላሴ አርሼ ማጣበቅ ነበር። «ይኼን እንኳ ሥራ እንጂ፣ ዜጋ ነህ» ትለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 23

እንግዳ መጣ! ዴዝሞንድ። ከወንዙ ማዶ ያለው ባለ ብዙ ላሙ ሰውዬ። በአጥር ምክንያት አንድ ዘመን ተኳርፈን ነበር። አሁን የሸለቋችንን የምክር ቤት ወንበር ፈልጎ ይወዳደራል፤ ከሂኔወራ ጋር። ሌላ ሰው የለም፣ ሁለቱ ብቻ።

ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ሻይ አፈላሁለት።

«ኔቭ፣ እንደምን ነህ? ብቻህን ከበደህ አይደል?»

«በጎች አሉኝ።»

«እነሱስ አይመርጡም» ብሎ ሣቀ። ከዚያ ወደ ጉዳዩ። አዳራሹ አርጅቷል፣ መሐንዲሶች አይተውታል፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ቢመጣ ጣሪያው አናታችን ላይ ነው የሚያርፈው። ማጠናከሪያው ከባድ ወጪ ነው። ስለዚህ ተዘግቶ ይሸጥ። ግብርም አይጨምር።

«አሥራ አንድ ሽማግሌ በሳምንት አንዴ ሾርባ እንዲጠጣ ብለን ሸለቆው ሁሉ ይክፈል?»

«ከአሥራ አንዱ አንዱ እኔ ነኝ።»

«አንተማ አትሄድም አሉ።»

ሻይ ጨመርኩለት። እውነቱን ነው። ይኼ ሰውዬ ሲናገር የሚያናድደው ውሸታም ስላልሆነ ነው። እኔም መሐንዲሶቹ ያሉትን አምናለሁ፤ ጣሪያው ላይ ወጥቼ ሚስማር የመታሁ ሰው ነኝ። ግን መጠገን ያለ ነገር አይደለም እንዴ? ያረጀ ሁሉ ከተሸጠ እኔንስ ማን ይገዛኛል?

አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጠ። ሁለት ስኒ ጠጣ። ሲሄድ በሩ ላይ ቆሜ መኪናው ከዓይኔ እስኪጠፋ አየሁት። ምርጫ በየሦስት ዓመቱ መሆኑ ክፉ ነገር ነው። በየወሩ ቢሆን ስንት ሰው ይጎበኘኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 28

አነሣሁ። ከሩቅ ፍጥነቷን ቀነስ አደረገች፣ በሩ ላይ አየችኝ፣ ጥሩምባ ነፍታ አለፈች። አልቆመችም።

ነቅታብኛለች።

እሑድ፣ ኦክቶበር 2

ሎረን ከባሕር ማዶ፣ ከፐርዝ ደወለች። «አባዬ ደህና ነህ?» ደህና። «ትበላለህ?» እበላለሁ። «ሰው ታያለህ?» አያለሁ። ሦስት ጥያቄ፣ ሦስት መልስ። የሁሌው ነው። ልጄ ክፉ አይደለችም፤ ሩቅ ናት።

ስልኩን ስዘጋ ተነሥቼ ፖስታውን ከሰዓቱ ኋላ አወጣሁት። መነጽሬን ወለወልኩ። ጠረጴዛው ላይ ከቤሪል ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጬ መጽሐፉን ጮክ ብዬ አነበብኩት። ለማን? ለወንበሩ። ዴዝሞንድ ክራባት አስሮ ፎቶ ተነሥቷል። ሂኔወራ ሽርጥ ታጥቃ! ያችን አበባ አበባ ያለባትን የቤሪልን ሽርጥ። ቤሪል ናት የሰጠቻት፣ ለስልሳኛ ዓመቷ።

እንዴት ይመረጣል? ሰውየው ትክክል የሚናገር ይመስለኛል፣ ሴትየዋ ደግሞ ሾርባ ትልክልኛለች። በሾርባ ተገዛሁ እንዳልባል... ግን አዳራሹ ከተሸጠ እነዚያ አሥሩ ሰዎች የት ይሄዳሉ? እንደ እኔ ነው የሚሆኑት። እያንዳንዱ በየበሩ ባዶ ሳጥን ላይ ባንዲራ ሊያነሣ ነው። ይኼን ለጠላቴም አልመኝም።

ሂኔወራ። ምልክቱን አደረግሁ። ፖስታውን በምላሴ አርሼ አጣበቅሁት። ሁለቱንም ሥራ በራሴ ሠራሁ ቤሪል። ዜጋ ሆንኩልሽ።

በፖስታ የሚላከው እስከ ማክሰኞ ነው ይላል ወረቀቱ። ነገ ሰኞ ትወስደዋለች።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 3

ጠዋት ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት። ባንዲራውን አነሣሁ። በኩራት! ለመጀመሪያ ጊዜ ለእውነተኛ ነገር። ቆሜ ልጠብቃት ነበር፤ ግን አፈርኩ፣ ደግሞ ለወሬ ነው የቆመው እንዳትል። ስለዚህ ወደ ላይኛው መስክ ወጣሁ።

አንዲት ያረገዘች በግ በጀርባዋ ተገልብጣ እግሯ ሰማይ ሰማይ ይላል። ካላቃኗት ትሞታለች። ጎንበስ ብዬ ጸጉሯን ይዤ ስገለብጣት ወገቤ ቀጭ አለ። እሷ ተነሥታ ሄደች። እኔ ቀረሁ። ሣሩ ላይ ለምን ያህል ጊዜ እንደተኛሁ እንጃ። የራንጊማሪ መኪና ሲያልፍ ከላይ ሰማሁት። እንኳን ፖስታው ደረሰ።

እየዳህኩ ነው ቤት የገባሁት። እውነቴን ነው፣ እየዳህኩ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 4

አልጋ ላይ። መነሣት የለም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 5

መኪናዋ አለፈች። ድምፁን ለየሁት። አልቆመችም። ደብዳቤ ከሌለኝ ለምን ትቆማለች?

ዳቦና አይብ። ሻይ ለማፍላት ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ሄድኩ፤ አንዲት ስኒ ለማፍላት ግማሽ ሰዓት። ለማን ልደውል? ለሎረን ብደውል አውሮፕላን ትሳፈራለች፣ ወይም አትሳፈርም። ሁለቱም ከባድ ነው።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 7

አራት ቀን ሙሉ የሰው ድምፅ አልሰማሁም። ሬዲዮን ሳልቆጥር። ብሞት መጀመሪያ የሚያውቀው ማን ነው? ተኝቼ ይኼን ሳስብ ዋልኩ።

ፈርቻለሁ። እዚህ ቢያንስ ልጻፈው። ፈርቻለሁ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 8

እኩል!! ስድስት መቶ አሥራ አንድ ለስድስት መቶ አሥራ አንድ!

ምርጫው እኩለ ቀን ላይ ተዘጋ፣ ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ ተናገሩ። የቀሩት ጥቂት ወረቀቶች እስኪቆጠሩ ሁለቱ እኩል ናቸው። ከመቶው ሠላሳ ዘጠኙ ብቻ ነው የመረጠው፤ ስልሳ አንዱ ፖስታውን የት አደረገው? ምን ዓይነት ሰው ነው ቤቱ ድረስ የመጣለትን ወረቀት ምልክት አድርጎ መመለስ የሚያቅተው?

ግን አስቢው ቤሪል... የእኔ ባይኖር ስድስት መቶ አሥር ነበረች። በአንድ ድምፅ ተሸንፋ ነበር! ያቺ አንዷ እኔ ነኝ። አንድ እንጨት አይነድም፣ አንድ ሰው አይፈርድም ይባላል፤ ይኸው አንድ ሰው!

ወገቤን ረስቼ ተነሣሁ። ቀጥ ብዬ ባይሆንም ተነሣሁ። ከቤሪል መጠጥ የቀረውን በትንሹ ቀዳሁ። በሁለት ብርጭቆ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 10

እንዴት ልጻፈው?

በሩ ተንኳኳ። የሳጥኑ በር አይደለም፣ የቤቱ በር። ራንጊማሪ። ከመንገዱ እስከ ቤቱ ያለውን ሁሉ በእግሯ መጥታ ትንፋሿ ይቆራረጣል። እንደ ከዘራ ጎብጬ ስታየኝ ፊቷ ተለወጠ።

«ኮሮ! ምን ሆነው ነው? ሳምንት ሙሉ ነው እኮ ባንዲራው ሳይወርድ!»

«ሳይወርድ?» አልኩ።

እጇ ላይ ፖስታው ነበር። የእኔ። ዝናብ አንዱን ጥግ አሻግቶታል።

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥሎ ገባኝ፤ ድምፄ አልተቆጠረም። ተቀመጥኩ። እሷም ሳልጋብዛት ተቀመጠች፤ በቤሪል ወንበር ላይ። ስለ ወንበሩ ምንም አልተሰማኝም። የተሰማኝ የፖስታው ነገር ነበር።

«ሰኞ ለት አየሁት» አለች። «አየሁት፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ዘግይቼ ነበር። ‹ኮሮ ናቸው፣ ወሬ አምሯቸዋል፣ ሳጥኑ ባዶ ነው› አልኩና አለፍኩ። ረቡዕም። ዓርብም። ዛሬ ግን... ሳምንት ሲሆን ፈራሁ።»

«አንቺ አላጠፋሽም። ስንት ጊዜ አሞኘሁሽ።»

«አውቅ ነበር እኮ! የምን ነፋስ? የመጀመሪያ ቀን ነው ያወቅሁት።»

«ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?»

«ደስ ይለኝ ነበር። መንገዱን ሁሉ የሚያናግረኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ሌላው ሳጥን ነው።»

ከዚያ ፊቷን በእጇ ሸፍና ሌላ ነገር ተናገረች፤ ቀስ ብላ።

«እኔም አልመረጥኩም ኮሮ።»

«ምን?»

«የሸለቆውን ሁሉ ፖስታ ተሸክሜ አደልኩ። የራሴን ማቀዝቀዣው ላይ በማግኔት ለጠፍኩት። ነገ፣ ነገ ስል... አሁንም እዚያው ነው። ሂኔወራን ልመርጥ ነበር። አክስቴ ናት!»

ሁለት። ሁለት ነን በአንድ ጠረጴዛ ላይ። ሳልወድ በግድ ሣቅሁ፣ ወገቤ እንደ ቢላ ወጋኝ፣ እሷም ሣቀች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

ሐኪም ቤት ደወለችልኝ። ሾርባ አሞቀች። ስትሄድ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ተወችው። ሰዓቱ ኋላ መለስኩት። ሌላ የት ይቀመጣል?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 13

እንደገና ቆጠሩ። ያው እኩል። ሕጉ እንዲህ ሲሆን ዕጣ ይውጣ ይላል። ሁለት ስም፣ አንድ ሳጥን። አወጡት።

ዴዝሞንድ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 20

ሁለት ጊዜ ስልኩን አንሥቼ ዘጋሁ። በሦስተኛው ሂኔወራን አገኘኋት። «ምሳ ልመጣ ነው፣ የሚወስደኝ የለም» አልኳት። «ጫማህን አድርግ» አለችና ዘጋችው።

አዳራሹ ያው ነው። ያው የእንጨት ሽታ፣ ያው የሚንሸራተት ወንበር። የቤሪል ቦታ ላይ ማንም አልተቀመጠም ነበር። አራት ወር ሙሉ ባዶውን ትተውታል። ይኼን ብሰማ ቀድሜ እመጣ ነበር... ወይስ አልመጣም ነበር?

በአሥሩም ፊት ተናገርኩ። ቆሜ። ስለ ባንዲራው፣ ስለ ባዶው ሳጥን፣ ስለ ፖስታው። ስለ ራንጊማሪ ግን አልተናገርኩም፤ የእሷን እሷ ትናገር። ሲያልቅ አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየኝም። መቼም ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የእኔ መኪናው ኪስ ውስጥ ነው ያለው።»

ሌላኛዋ፣ «ዶክተሩ ጋ ቀጠሮ ስለነበረኝ... ተረሳኝ።»

ሌላው፣ «እኔ ምን ለውጥ ያመጣል ብዬ ምድጃ ለኮስኩበት።»

ከአሥራ አንዳችን አራታችን። በገዛ አዳራሻችን ተቀምጠን።

ሂኔወራ ጭልፋውን ይዛ ቆማለች። የቤሪልን ሽርጥ ታጥቃለች። «ሁለት ወር ሙሉ በየሰው በር ስዞር ከረምኩ» አለች። «የማላውቀውን ሰው ሁሉ ስለምን። እናንተን ግን አልለመንኩም። እናንተማ የራሴ ናችሁ ብዬ።» ጭልፋውን ወደ እኔ ቀሰረች። «አንድ ሰው ነበር የጎደለኝ፣ ኔቭ። አንድ!»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም።»

ከዚያ ሾርባዬን ቀዳች፤ ሞልታ።

«ብላ፣ ይቀዘቅዛል። ዛሬም ጨው ረስቻለሁ።»

ቤት ያደረሰችኝ እሷ ናት። መንገዱን ሙሉ አላናገረችኝም። ስወርድ ግን «በሚቀጥለው ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ ተዘጋጅ፣ አላስጠብቅህም» አለች።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 23

ምክር ቤቱ ድምፅ ሰጠ። ስድስት ለአምስት። አዳራሹ ይዘጋል፣ ይሸጣል። ስድስተኛው እጅ የዴዝሞንድ ነው።

ማታ ደወለልኝ። «ኔቭ፣ ቂም አትያዝብኝ። ከምርጫው በፊት የተናገርኩትን ነው ያደረግሁት» አለ። ልክ ነው። አልዋሸም። የዋሸው ሌላ ነው፤ ባዶ ሳጥን ላይ ባንዲራ የሚያነሣው።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 1

የመጨረሻው ምሳ። በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጥፈዋል። ሂኔወራ ወለሉን ወለወለች። «ሊሸጥ ነው እኮ፣ ምን ያደርግልሻል?» ስንላት፣ «ቆሻሻ አላስረክብም» አለች። የቤሪልን ወንበር ተሸክሜ የሂኔወራ መኪና ላይ ጫንኩት። ወገቤ ይሁን።

እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ማንም አይለኝም፣ እኔ ግን እላለሁ።

ስንወጣ ሂኔወራን ያዝኳት። ያላሰብኩት ነገር ነው ከአፌ የወጣው። «ጠረጴዛዬ ስምንት ሰው ይይዛል» አልኳት።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 9

ሰባት ሰው ጠራሁ። በደብዳቤ! ሰባት ወረቀት በእጄ ጻፍኩ፤ «ምሳ፣ ዓርብ፣ ኔቪል ቤት፣ ስኒ ይዛችሁ ኑ።» ቴምብር ለጥፌ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኳቸው፣ ባንዲራውን አነሣሁ፣ ራንጊማሪም ወሰደቻቸው። ሐሙስ የነበረውን ወደ ዓርብ ያዞርኩት ሆን ብዬ ነው። ዓርብ እሷ በዚህ ታልፋለች።

ሦስት መጡ። አንዱ ታመመ፣ አንዱ ረሳ፣ ሁለቱ መኪና አጡ። ሦስት ከሰባት። ሂኔወራ በወረቀት ናፕኪን ላይ አሰላችው።

«ከመቶ አርባ ሦስት ነው» አለች። «ከምርጫው በለጥክ።»

ሣቋን ከኦክቶበር ወዲህ ገና ዛሬ ሰማሁ። ይቅር ብላኛለች? አልጠየቅሁም። ሽርጡን ግን ወጥ ቤቴ ሚስማር ላይ ሰቅላ ነው የሄደችው። ለሚቀጥለው ዓርብ ማለት ነው፣ መሰለኝ።

ሾርባውን እኔ ነኝ የሠራሁት። ጨው በዛበት። ማንም አልተናገረም።

ሌላም ነገር አለ። ሳንበላ በፊት እንግዶቼን ልቀበል በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ደብዳቤ የለኝም፣ ባንዲራውም ወርዷል። የራንጊማሪ መኪና መጣች፣ ቀስ አለች፣ ቆመች።

«ባንዲራው አልተነሣም እኮ» አልኳት።

«ታዲያ?» አለችና ሞተሩን አጠፋችው።